ዝናብ ለኪው

ሽንኩርት ሻጯ ሰውየውን የምታውቀው በጃንጥላው ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን እንኳ ከእጁ አይለይም። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው ጓሮ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ በወንዙ ዳር ገበያ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ገበያተኛው "የሰማይ ዘበኛ" ይለዋል።

ዛሬ ግን ቆመ። "እህቴ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ጎርፍ እየመጣ ነው።"

"ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ፣ አባባ?" ብላ ሳቀች።

"እዚህ ጠርቷል። ተራራው ላይ ግን የባልደረባዬ መለኪያ ሞልቶ ፈሷል፤ አሁን ደወለልኝ።"

ጎረቤቶቿም ሳቁ። እሱ አልተከራከረም። ሚዛኗን ብድግ አድርጎ ዳገቱን ተያያዘው፤ ሩጫውስ የጎረምሳ ነው! "ሌባ! ያዙት!" ብላ ስትጮህ ገበያው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ተከተለው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሳ ኮሌታውን ጨምድዳ ስትይዘው፣ ከታች ወንዙ እያጓራ መጣ። ሸራውንም ሽንኩርቱንም ጠራርጎ ወሰደው።

"ትንሽ እንኳ ቢለምኑን ምን ነበረበት?" አለችው፣ ኮሌታውን ሳትለቅ።

ሰውየው እያለከለከ ሚዛኗን መለሰላት።

"አንድ ጊዜ ለምኜ አይቼዋለሁ" አላት። "ባለቤቴ ስቃብኝ እዚያው ቀረች።"