አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ

ዶክተር አብዲቃድር የእርሳስን መርዝ መጀመሪያ ያየው በአባቱ እጅ ላይ ነው፤ ያየው ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቀም። አባቱ መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የመኪና ባትሪ ያድሱ ነበር። አሮጌውን ይሰብራሉ፣ እርሳሱን በድስት ያቀልጣሉ፣ መልሰው ያፈሳሉ። እያደር ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰፈሩ የሰው ዓይን ነው አለ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ፣ ስለ ከባድ ብረቶች በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ ያንኑ እጅ በፎቶግራፍ አገኘው። አባቱ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የቀረው ዕድሜው ከዚያ ፎቶግራፍ አልራቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቢዮ አዋሌ እስከ ዋሂል ባሉት የገጠር መንደሮች ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረ ውኃ ቀዳ፣ አፈር ዘገነ። መጋላ ውስጥ "መርፌ የማይወጋ ዶክተር" እያሉ ይቀልዱበታል። የሚቀዳውን የሚለካለት ደግሞ አብሮ አደጉ ሉቅማን ነበር፤ በከተማው ላቦራቶሪ የመለኪያ ማሽኑ ኃላፊ።

በወጣትነታቸው አንድ ልማድ አበጅተው ነበር። አብዲቃድር በየጊዜው ከናሙናዎቹ መካከል አንድ ጠርሙስ ንፁህ ውኃ ይቀላቅላል፤ በዚያ ውስጥ ለክቶ እርሳስ ይጨምርበታል፤ የጠርሙሱን ቁጥር በማስታወሻ ደብተሩ ብቻ ይጽፋል። ማሽኑ ያንን ካላገኘ ሌላውንም አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ካወሩ ብዙ ዓመት አልፏል። አብዲቃድር ግን አልተወውም።

ባለፈው ዓመት ከከተማው ዳር፣ ሰፈሩ እናታችን ለማለት አዴ ከሚላት ከአሮጊቷ ከአዴ መሪያም ቤት በላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የጉድጓዷ ውኃ ጣዕሙ ተለወጠ። አሮጊቷ ጉድጓዱን ከድና፣ ለልጅ ልጆቿ ከሩቅ በጀሪካን ታስቀዳ ጀመር።

"ጠጡ ካልክ እንጠጣለን፣ ተዉ ካልክ እንተዋለን፤ እኔ ሌላ ሰው አላውቅም" አለችው አብዲቃድርን።

ከሰፈሩ ጉድጓዶች ቀድቶ፣ ራሱ ያዘጋጀውን አንዱን ጨምሮ፣ ሃያ አራት ጠርሙስ ለሉቅማን ሰጠ። ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ በስልኩ መጣለት። በሃያ አራቱም ትይዩ "አልተገኘም" ይላል። ደስታ ቀደመው። ደብተሩን ሳይከፍት ደወለላት፤ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያደረገው ያን ቀን ብቻ ነው።

"አዴ፣ ንፁህ ነው፤ ጠጡ!"

በስልኩ ውስጥ ልጆቹን በየስማቸው ስትጠራ ሰማት።

እሑድ ሪፖርቱን ሊጽፍ ተቀምጦ ደብተሩን ገለጠ። አሥራ ሰባት። በገዛ እጁ እርሳስ የጨመረበት ጠርሙስ። "አልተገኘም።" ተነስቶ ቀጥታ ሉቅማን ቤት ሄደ።

"አሥራ ሰባትን ለካኸው?"

"ሁሉንም ነው የለካሁት አቦ! ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ።"

"አሥራ ሰባት ውስጥ እርሳስ የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ሉቅማን በሩን እንደያዘ ቀረ።

"ወላሂ? አሁንም ታደርገዋለህ?"

"ለማሽኑ ነው።"

"የምን ማሽን! ማሽኑ እኔ ነኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ከአንድ ሳህን እየበላን ስትፈትነኝ ኖረሃላ!"

"ውኃው ውስጥ ምን አገኘህ ሉቅማን?"

ሉቅማን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አገኘሁ። ብዙ ነው። ፋርሂያ ልጄ እዚያ ፋብሪካ ሥራ ይዛለች፤ ስንት ቤት ነው ከዚያ የሚበላው? ሰው ሌላ ውኃ አያጣም ብዬ ነው። ሌላ ሥራ ግን ከየት ያመጣል?"

"እውነተኛው ቁጥር የታለ?"

"አጠፋሁት።"

አብዲቃድር ወደ አዴ መሪያም ቤት አቀና። መንገድ ላይ የከነከነው የወዳጁ መዋሸት ብቻ አልነበረም። ውሸቱን የጻፈው ሉቅማን ነው፤ ለአሮጊቷ ያደረሰው ግን የእሱ አፍ ነው። ሰው በወዳጁ ሲከዳ ቢያንስ እጁ ንፁህ ሆኖ ቢቀርለት ምን ነበረበት? ደግሞስ ያን ሁሉ ዓመት የፈተነው እውነት ማሽኑን ብቻ ነበር? ይህን ለራሱም መመለስ አቃተው።

አዴ መሪያም ቆማ ሰማችው። ከዚያ ዞር ብላ ከትንሿ ልጅ እጅ ኩባያውን ወሰደች፤ ያለውን መሬት ላይ ደፋችው።

"አራት ቀን ጠጡ" አለች።

"የዋሸው ሉቅማን ነው፣ አዴ።"

"ሉቅማን ማነው? እኔ ሉቅማንን አላውቅም። የማውቀው አንተን ነው።"

"እንደገና ልቅዳና አዲስ አበባ ወስጄ ላስለካው።"

"ቅዳ። ይዤው የምሄደው ግን እኔ ነኝ። ሲለኩም አጠገባቸው እቆማለሁ።"

"መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጉልበትሽ..."

"ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀህ?"

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አጠገቡ ቦታ ይዞላት ነበር፤ አልፋው ከመተላለፊያው ማዶ ከማታውቃት ሴት ጎን ተቀመጠች። የውኃውን ጠርሙስ በሻሽ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሊደግፍላት እጁን ቢዘረጋ፣ ቀና ብላ ሳታየው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ በኩል አሸሸች።