ደባት ላይ የወረደው ንድፍ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፤ በደርግ ዘመን፣ ደባት መግቢያ ኬላ ላይ። ያን ቀን ያተረፉኝን ሴት ስማቸውን እንኳ ስላልጠየቅሁ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ደባርቅ ታሪክ አስተምር ነበር። በጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የውጭ አገር ዕድል መጣ። አመልካቹ ራሱ ለክቶ የሠራው የአሮጌ ሕንፃ ንድፍ ይጠየቃል። ማመልከቻው ረቡዕ ጠዋት ጎንደር ላይ ይዘጋል።

የአንድ ቀን መንገድ በእግሬ ሄጄ አንዲት ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቀን ስለካ ሰነበትኩ። እኔ ወደ መቅደሱ ስለማልገባ ቄሰ ገበዙ ሜትሬን ይዘው ገብተው ቁጥሩን ከውስጥ እየጮኹ ነገሩኝ።

ንድፉን ይዤ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ስሄድ ኬላው ላይ ወታደር ገብቶ ቦርሳዬን ፈተሸ። የቤተ ክርስቲያኗን ሦስት ክቦች ከነቁጥራቸው ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«የየትኛው ካምፕ ካርታ ነው?»

ከዚህ ባነሰ ወረቀት ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

«ውረጂ!»

አጠገቤ የተቀመጡ፣ የማላውቃቸው እናት ጣልቃ ገቡ። «ኧረ የኔ ልጅ፣ የምን ካርታ? የሰፌዴ ንድፍ ነው! ቀዩን አለላ ስንት ዙር፣ ጥቁሩን ስንት ዙር እንደምሰፋ ጻፊልኝ ብያት ነው።»

«ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«መሠረተ ትምህርት ያስገባችሁኝ ለምን ነበር ታዲያ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወታደሩም ሳቀና «እንኩ እማማ፣ ሰፌድዎን» ብሎ ወረቀቱን ለእሳቸው ሰጣቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ወታደሩ እስከ ደባት መናኸሪያ በሩ ላይ ቆሞ አብሮን መጣ። እዚያ ስንደርስ ሴትዮዋ ለመውረድ ተነሡ፤ ዐይን ዐይኔን እያዩ ቆም አሉ። እጄን ብዘረጋ ውሸታቸው ሊጋለጥ ነው። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ወረዱ፤ ወታደሩም ተከትሎ ወረደ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ የሦስት ቀን ልፋቴ ደባት ቀረ።

ዕድሉን አላገኘሁም። እጄን ባለመዘርጋቴ ግን ተጸጽቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጎንደር፣ ባደርኩበት ክፍል፣ ክቦቹን ከትዝታዬ ሳልኳቸው። ልካቸው ግን አልመጣልኝም። በግምት ልጽፍ እርሳሴን አነሣሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ቢሮው ሳይዘጋ ደርሼ ንድፉን ያለ ቁጥር አስረከብኩ።

«ያልተሟላ ነው» አለኝ ጸሐፊው።

«አውቃለሁ» አልኩና ፈርሜ ወጣሁ።