ባሕር ዳር የቆመችው ባለ ቀይ ቀሚስ

በ1975 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ዝናብ ሳያባራ የሚውልበት ወቅት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከቴፒ ቡና ይጭናል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ይመለሳል። በዚያ ወር ግን እስከ አሰብ ወደብ እንዲያደርስ ታዘዘ። ሌላ መኪና ይዘው አብረውት የሄዱት የሁለተኛ ልጃችን የክርስትና አባት ናቸው። በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡ፣ ከበድ ያሉ ሰው፣ የማኅበራችን መሪ ስለሆኑም ሙሴ የምንላቸው። ከሰፈራችን ከዚያ በፊት ባሕር ያየ ሰው አልነበረም። እኔም ባሕርን የማውቀው ከዳዊት ነው።

ከሄዱ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ በሰላም እንዲመልስልኝ እለምን ነበር። አንድ ቀን ሌላ ሾፌር ደጃችን መኪናውን አቁሞ ፖስታ ሰጠኝ።

“አዲስ አበባ ገብቷል፣ ጎማ እየጠበቀ ነው። ደህና ነኝ በላት ብሎኛል” አለና ሄደ።

ፖስታው ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነበር። ባለቤቴም እንደ እኔ ቃል ይቆጥባል።

ፎቶው የባሕር ዳር ነው። ባሕሩ ዳገት ላይ እንደቆመ መኪና ወደ ግራ አዘንብሏል። ግማሹን ሰማይ ወስዶታል፤ ሰማዩ ላይ ደግሞ ወፍ እንኳ የለም። ባለቤቴ መካከል ላይ የክብሪት እንጨት አክሎ ቆሟል። ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር ልክ በአንገቱ ላይ ያልፋል። ቢሆንም በሕይወት አለ። አመሰገንኩ። ከዚያ የፎቶውን ቀኝ ጠርዝ አየሁ።

ጠርዙ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ባሕሩ ታያለች፤ ግማሽ ጎኗን ፎቶው ቆርጦታል። ከራሷ ላይ ነጭ ነገር ጣል አድርጋለች። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይደርሳል፣ ነፋስ ነፍቶታል። ለፎቶ አንሺው ቀርባ ስለቆመች ከባለቤቴ በእጥፍ ትበልጣለች።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የሾፌሩን መኪና ሰምታ መጣች። ፎቶውን ተቀብላኝ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው።

“ባልሽ ነው?”

“ነው።”

“ይህቺስ?”

ፎቶውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

“አንቺዬ፣ ይህ ቀሚስ ብቻውን አራት ሜትር ይፈጃል! ወገቧን እዪልኝ። የወደብ ሩዝ የጠገበች ናት።”

“መንገደኛ ትሆናለች።”

“መንገደኛማ እንዲህ ተዝናንታ አትቆምም። ይህቺ የቤት ሰው ናት” አለችኝ።

በዚያው ቀን ወሬው ጎረቤት ከተማ አማን ደረሰ። እኔ ባለቤቴን ጠርጥሬው አላውቅም። አሁንም አልጠረጠርኩትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግን ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት። ልጆቹ ውኃ እየጠጡ በሉ።

በማግስቱ ፎቶውን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጅማ ሥራ ተምሮ የተመለሰ የአገሩ ልጅ ነው።

“አሳድግልኝ፣ ቀለምም ቀባልኝ” አልኩት። “ይህቺን ደግሞ ቁረጥልኝ።”

በማጉያ መነጽር ብዙ አየው።

“እትዬ፣ ይህ ፎቶ ታሟል። ባሕሩ እየፈሰሰ ነው። እኔ መልሼ ፎቶ አነሳውና ቀና አደርገዋለሁ። ከሰማዩም እቀንሳለሁ፤ ባዶ ሰማይ ምን ያደርግልዎታል? አንገታቸው ላይ ያለውን መስመር በቀለም አደበዝዘዋለሁ። ሴትዮዋን ግን አልቆርጥም።”

“ለምን?”

“እሷ ከወጣች ባለቤትዎ ጠርዝ ላይ ይቀራሉ። ከፎቶው ወጥተው የሚሄዱ ይመስላሉ። ደግፋ የያዘቻቸው እሷ ናት።”

“ሰማሽ?” አለች ጎረቤቴ። ጃንጥላዋን ይዛ ተከትላኝ መጥታ ነበር። “ፎቶ አንሺው እንኳ አወቀው።”

“እንግዲያው ቀለም አትቀባት፣ እንዲሁ ትቅር” አልኩ።

“ሁሉም ቀለም ለብሶ እሷ ብቻ ጥቁርና ነጭ ከሆነች ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።” ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ድንጋይ ላድርጋት? ቡናማ ቀለም ደረብ ደረብ ባደርግባት የባሕር ዳር ቋጥኝ ትሆናለች።”

የሎጥ ሚስት ትዝ አለችኝ። ሰውን ጨውም ሆነ ድንጋይ ማድረግ የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም።

“ተዋት” አልኩት።

ቀጥሎ የቀለም ነገር መጣ።

“ባሕሩ ምን ዓይነት ነው?” አለኝ።

“ሰማያዊ ነው ይላሉ።”

“ሰማያዊ አልቆብኛል። ለአብዮት በዓል ተብሎ የተሰጠኝ ቀይ ግን ሞልቷል።”

“ታዲያ ስሙስ ቀይ ባሕር አይደል?” አለች ጎረቤቴ። “ቀዩን ልቀቅበት!”

እሱም የቀዩን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳ።

“ደም የሆነው የግብፅ ወንዝ ነው፣ ባሕሩ አይደለም” አልኩና ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ነጠላዬን ሳጥብ ነጭ እንዲሆን የምነክርበት ሰማያዊ ዱቄት ነበረኝ፤ እሱን በወረቀት ጠቅልዬ አመጣሁለት። በጠብታ ውኃ በጠበጠው፣ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቀለለ፣ በብጣሽ ወረቀት ላይም ሞከረው። ፎቶ ቤቱ የታጠበ ነጠላ ሸተተ።

ፎቶው ሲያልቅ ሄጄ ተቀበልኩ። ባሕሩ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። አሸዋው ከዝናብ በኋላ እንደሚታየው የእኛ መንገድ ቀላ ብሏል፤ ሰውየው ሌላ አፈር አያውቅም። የባለቤቴ ፊት የበሰለ ብርቱካን መስሏል። የሴትዮዋ ቀሚስ ግን እንደ እሳት ይነድዳል።

“ምነው?” አልኩት።

“ይህን ያህል ሰማያዊ ያለ ትንሽ ቀይ አይነሳም፣ እትዬ” አለኝ። በሥራው ኮርቷል። “አሁን ሕይወት አገኘ።”

አመስግኜው ወጣሁ። ደክሞበታል።

ፎቶውን ባለቤቴ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ወንበር ትይዩ ሰቀልኩት። ጠብ አልወድም። እኔ የምለውን ፎቶው ይበልልኝ ብዬ ነው። ማታ ስጸልይም “ጌታዬ ሆይ፣ ያቺን ሴት ጤና ስጣት፤ ግን እዚያው ባሕሯ ዳር አቆይልኝ” አልኩ።

ባለቤቴ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት አንድ ጥፍሩ አልጎደለም። እግሩን አጠብኩት፤ ምግብ አቀረብኩለት። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ቀና አለ።

“ውይ! ፎቶዬን አሳመርሽው። ባሕሩም ቀና አለ። ሰማያዊው ልክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው።”

ጠበቅኩ። ሦስተኛውን ጎረሰ።

“እሷስ?” አልኩ።

“ማን?”

“ቀይዋ።”

ተነስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ፣ ንስሐ ሊገባ ነው ብዬ እኔም እንባዬ መጣ። እሱ ግን ፊቱን ሲያዞር በሳቅ ትንፋሽ አጥሮታል። በሩን ከፍቶ ጮኸ።

“ጋሼ! ኧረ ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ!”

የክርስትናው አባት መኪናቸውን ደጅ አቁመው ገመድ ይፈቱ ነበር። እያለከለኩ ገቡ።

“ምን ሆናችኋል? ማን ታመመ?”

“ማንም አልታመመም። እስቲ ይዙሩና ግድግዳውን ይዩልኝ።”

ዞሩ። ቤቴ ውስጥ የቆመውን ጀርባ አየሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አየሁ። ወገቡ አንድ ነው።

“ይህ እኔ ነኝ!” አሉ ሙሴ። “ቀይ ማነው ያለበሰኝ?”

አሰብ ሙቀቱ ሱሪ አያስለብስም አሉ። የአገሩ ወንድ ሁሉ ሽርጥ ያገለድማል፤ እሳቸውም ገዝተው አገለደሙ። በራሳቸው ላይ ያለው ነጭ ነገር ለፀሐዩ ያደረጉት ፎጣ ነው።

“ሙሴ ባሕር ዳር ቆመው ባሕሩ እስኪከፈልላቸው ይጠብቁ ነበር” አለ ባለቤቴ።

እኔ መሬት ተቀምጬ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ እስከዚያ ቀን እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

“ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል?” አሉ ቀስ ብለው።

“ከአማን ወዲህ ያለው ብቻ” አልኳቸው።

ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ መኪናቸው ሄደው ሽርጡን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡ። አረንጓዴ ነው፣ ቀይ የሚባል ክር የለበትም። የባሕሩ ጨው አድርቆት ቆሞ ሊሄድ ደርሷል።

“እባክሽ አንቺ እጠቢልኝ። ይህን ለብሰህ ነው የዞርከው ብላ ሚስቴ መሳቂያ ታደርገኛለች። ለማንም ሳታሳዪ ነው ታዲያ” አሉኝ።

“እሺ” አልኩ። እሺ ስል ስለ ማጠቡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ተመለስኩና ሽርጡን አጠብኩ። ጨዉ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። ጓሮ ገመድ ነበረኝ፤ እኔ ግን በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ሙሉውን ዘርግቼ አሰጣሁት። ጎረቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ጫፉን ይዛ ስፌቱን አገላበጠች፣ ስፋቱን በስንዝር ለካች፣ ቀና ብላም አየችኝ።

“የማናት?”

“የሙሴያችን” አልኳት።

ከተራራው በኩል ዝናቡ መጣ። ሽርጡን አላነሳሁትም።