ያልተጣለው የልብ አስ

ብሪስኮላ ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱም የለመደው በወጣትነቱ መካኒክ ሆኖ በሠራበት የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ የዘይት በርሜል ገልብጠው ካርታ ሲጫወቱ እያየ። ጋራዡ ሲወረስ ጣሊያኑ አገሩ ገባ፤ አባቴ እዚያው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ጨዋታውን ወደ ቤት ያመጣው ግን እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ያኔ እኔ ዐሥር ዓመቴ፣ ወንድሜ ስምንት ነበር። የምንኖረው ቀጨኔ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ደጃፋችንን እያጠበ በሚወርድበት ዳገት ላይ ነው። እናት የሌላቸው ሁለት ልጆች ይዞ እሁድ ከሰዓትን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጨንቆት ይመስለኛል ካርታውን ያወጣው።

ወንድሜ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትምና ኳሱን ይዞ ወጣ። እኔ ተያዝኩ።

ሕጉ ከባድ አይደለም። ከካርታው ስምንት፣ ዘጠኝና ዐሥር ይወጡና አርባ ይቀራል። አራት ሰው ሁለት ሁለት ይሆናል፤ ጓደኛሞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ይታደልና አንድ ካርታ ተገልብጦ መሐል ይቀመጣል። የእሱ ዓይነት የዚያ ጨዋታ ብሪስኮላ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይበላል። አንድ ዙር በተጣለ ቁጥር ከተረፈው ክምር እያነሱ መቀጠል ነው። አስ ዐሥራ አንድ ነጥብ አለው፣ ሦስት ዐሥር፣ ንጉሥ አራት፣ ንግሥት ሦስት፣ ጃክ ሁለት። የቀሩት ባዶ ናቸው፤ አንድ ዓይነት የሆኑት በዚሁ ቅደም ተከተል ይበላላሉ። ሁሉም ሲደመር መቶ ሃያ ነው፤ ቀድሞ ስልሳ አንድ የደረሰ አሸነፈ።

ከባዱ መቁጠሩ ነው። አባቴ የተበላውን እየቆጠርኩ በቃሌ እንድይዝ ያደርገኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጣም፤ ካርታውን ሰብስቦ እንደገና ያድላል። «የወጣውን የማያስታውስ ሰው የያዘውንም አያውቅም» ይለኝ ነበር።

ሌላው ምልክቱ ነው። በብሪስኮላ ጓደኛሞች በፊታቸው ይነጋገራሉ፤ ተቃራኒው ካላየ ነውር የለውም። የብሪስኮላውን አስ የያዘ ከንፈሩን ያሾላል። ሦስቱን የያዘ የአፉን ጥግ ያጣምማል። ንጉሡን የያዘ ቀና ብሎ ጣሪያ ያያል። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዴት ዋልሽ እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ካርታ ስንይዝ ግን ያ ዝም ያለ ፊት ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ ያወራ ነበር። ያን ጊዜ እንደ እኔ የተወደደች ልጅ በዚያ ዳገት ያለች አይመስለኝም ነበር።

ዐሥር ዓመት እንዲህ ተጫወትን። ጎረቤት እየመጣ ሞከረን፤ ጋራዥ አብረውት የሚሠሩትም ሞከሩን። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ የሰፈሩ ሰው «አባትና ልጅ ከተቀመጡ ሌላው ቢነሳ ይሻለዋል» ማለት ጀመረ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው መዛኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ወንድሜ ዐሥራ ስምንት ሞልቶት፣ ማትሪክ ወድቆ ቤት ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ማትሪክ ወድቆ ቤት የተቀመጠ ወንድ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ማንም ያውቃል። ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌው ኮታ ይመጣለታል፤ ኮታውን የሚሞላው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው።

በዚያ ዓመት ለአብዮት በዓል ቀበሌው የካርታ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ለአሸናፊዎቹ አንዳንድ የቻይና ፔርሙዝ ነበር። ሊቀመንበሩ ራሱ ከአንድ ሽሮ ሜዳ ከሚሠራ ሸማኔ ጋር ሆኖ ተመዘገበ። ሸማኔው ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ሲጥል አይቸኩልም፣ የወጣውን ይቆጥራል። ሊቀመንበሩ አይቆጥርም። ሲሸነፍ ይስቃል፤ ያሸነፈውን ሰው ግን አይረሳም ይባላል። እነሱም እኛም አሸንፈን አሸንፈን ለመጨረሻው ደረስን።

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ከስብሰባ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ ሁሉ ያይ ነበር። ወንድሜም በር አጠገብ ነበር። የተገለበጠው ካርታ ልብ ሆነ።

እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ክምሩ አልቆ እያንዳንዳችን እጅ ሦስት ሦስት ካርታ ሲቀር፣ እነሱ አርባ ሰባት እኛ አርባ ሁለት መሆናችንን እንደ ስሜ አውቅ ነበር። የልብ አስ ገና አልወጣም። ሊቀመንበሩ የአበባ ንጉሥ ጣለ። ተራው የእኔ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ሸማኔው፣ አባቴ መጨረሻ። እጄ ላይ የአበባ ሦስት አለች፤ ዐሥር ነጥብ። የአበባ አስ ቀደም ብሎ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሦስቷ ንጉሡን ትበላለች፣ ሸማኔው በልብ ካልበላት በቀር። ከበላት ዐሥራ አራት ነጥብ ይዞ ስልሳ አንድ ይሞላል፤ ጨዋታው አለቀ። አባቴን አየሁት። ከንፈሩን አሾለ።

እንደገና አየሁት፤ ስህተት እንዳይሆን። አሁንም አሾለ። እንዲያውም ራሱን ትንሽ ነቀነቀ።

የልብ አስ አባቴ ጋ ካለ የምፈራው የለም። ሸማኔው ቢበላ አባቴ መልሶ ይበላል፤ ስልሳ ሰባት እንገባለን። ሦስቷን ጣልኩ። ሸማኔው ትንሽ አሰበና የልብ አራት ጣለባት። ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን።

አባቴ የማይረባ አምስት ጣለ።

አዳራሹ ጮኸ። ሊቀመንበሩ «ስልሳ አንድ! ስልሳ አንድ!» እያለ ሸማኔውን አቀፈው። ሁሉም እጁ ላይ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። አባቴም የቀሩትን ሁለት ካርታዎች በፊታቸው ደፍቶ አስቀመጠና ተነሳ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እስከዛሬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ተናገረኝ፤

«ሦስቷን ምን አስቸኮለሽ? ምን አየሽና ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩሽን በአንድ ቀን አፈር አበላሽው!»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «አይቆጡ ጋሼ፣ ልጅ ናት» አለ። «ለሚቀጥለው ወንድ ልጅ ይዘው ይምጡ።» ሰው ሳቀ።

የተሸነፈ ካርታ ይሰበስባል፤ ደንብ ነው። እንባዬ እንዳይታይ አቀርቅሬ ሰበሰብኩ። በልቤ፣ ተሳስቼ ነው፣ አባቴ ምልክት ሳይሰጥ የሰጠ መስሎኝ ነው፣ እያልኩ ነበር። አባቴ ፊት የነበሩትን ሁለት ካርታዎች ሳነሳ ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። አንደኛው ባዶ ሰባት ነው። ሁለተኛው የልብ አስ።

ቀና ስል አባቴ እያየኝ ነው። ያ ለእኔ ብቻ የሚያወራው ፊት ምንም አይልም። አሱን አንስቼ ለሰው ማሳየት እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እጄ ግን ካርታውን ከሌሎቹ መሐል አስገባውና መበወዝ ጀመረ። ለምን እንዳላሳየሁ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። አባቴ ነውና ይሆናል።

ወደ ቤት ስንወጣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ሰው ሲሳሳልን ደረስኩበት።

«አባባ፣ አሱን አይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ሳይቆም።

«ለምን?»

«ለወንድምሽ ነዋ።»

«ሊቀመንበሩ ጠይቆዎት ነው?»

ቆመ። «ማንም አልጠየቀኝም። ባለፈው ሳምንት መኪናውን ሊያሠራ ጋራዥ መጥቶ ‹ልጅዎ ስንት ዓመቱ ሆነ?› አለኝ። ቀጥሎ ‹እሁድ እንገናኛለን› አለ። በቃ። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ቢነግሩኝ እኔው ራሴ እሸነፍልዎት ነበር።»

«ብነግርሽ ፊትሽ ያወራል» አለ።

ይህን ሲል ምን እንደተሰማኝ ዛሬም ለመናገር ይከብደኛል። በፊቴ እንዳወራ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«መሸነፉስ ይሁን» አልኩት። «መስደቡ ለምን አስፈለገ?»

«ሰው እንዳይጠረጥር ነው። አንድ ሳምንት ያወሩና ይረሱታል።» ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

አልተረሳም። ሱቅ ስኳር ስመዝን «ልጅት፣ እንደ ሦስቷ እንዳታደርጊን!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የሰፈሩ ጎረምሶች ሳልፍ «ሦስቷ መጣች» ይላሉ። ወንድሜ ራሱ እራት ላይ «ሦስቷ፣ ጨው አቀብዪኝ» ይለኛል። ምንም አያውቅም ብዬ አቀብለዋለሁ። አባቴም አቀርቅሮ ይበላል።

ያልሳቀብኝ ሸማኔው ብቻ ነው። አንድ ቀን ጨው ሊገዛ መጥቶ ወረፋው እስኪቀል ጠበቀና ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፣ ሦስቷን መጣልሽ ልክ ነበር። እኔም ብሆን እጥላት ነበር። በልብ ስበላሽ አሱ አባትሽ ጋ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።» ዓይኔን እያየ ጠበቀ። «የሆነ ነገር ነበር፣ አይደለም?»

«እንጃ ጋሼ» አልኩት። ጨዉን መዝኜ ሰጠሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ወንድሜ የለበትም። ያ ጨዋታ ይሁን ዕድል ይሁን የማውቀው ነገር የለም። ኮታው ግን አልጎደለም። ዝርዝሩ ውስጥ የሸማኔው ልጅ ነበረበት፤ አባትየው ከሊቀመንበሩ ጋር ተሸልሞ የወሰደው ፔርሙዝ አላዳነውም። ልጁ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ እግሩን እያነከሰ ከሰሜን ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ሸማኔው ሱቅ ሲመጣ ሌላዋ ልጅ እንድትመዝንለት እያደረግኩ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

ከውድድሩ በኋላ በመጣው እሁድ አባቴ ካርታውን አወጣ። ተቀመጥኩ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከጎረቤት ሁለት ሰው መጣ። ስንጫወት አባቴ ምልክት ይሰጠኛል፣ እኔ ካርታዬን አያለሁ። ሦስት ጊዜ ተሸነፍን። ሰዎቹ ሲሄዱ ካርታውን በላስቲክ አስሮ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው፤ ሁለታችንም ዳግም አላወረድነውም። እስኪሞት አብሬው ኖርኩ፤ ልብሱን አጠብኩ፣ ሲታመም አስታመምኩ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳንም።

የአባቴ አርባ ወጥቶ ሰዉ ከሄደ በኋላ እኔና ወንድሜ ብቻችንን ቀረን። ያኔ ወንድሜ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። አሁን ይወቀው ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ አሱ፣ ስለ ስድቡ። ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየና፣

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ከጨዋታው በፊት ቅዳሜ ዕለት አባባ ነግሮኛል። ለእህትህ እንዳትነግር አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሺ አልኩት። ምን እለዋለሁ? ፈርቼ ነበር።»

«ሦስቷ እያልክ ስትጠራኝስ?»

«ሁሉም ሲልሽ እኔ ብቻ ዝም ብል ያስታውቃል ብዬ ነው።»

ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አባቴን ለልጁ የፈራ ሰው ነው ብዬ ከይቅርታ ጋር ልቀብረው ሞክሬ ነበር። አሁን ግን አንዲት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተማክረው፣ ሦስተኛዋን ለማሳቂያ እንዳወጧት ገባኝ። ወንድሜን ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ኋላ ልጆቹ መሐል ገቡና ታረቅን፤ አሁን በዓል ሲደርስ ይመጣል፣ አብረን እንበላለን።

በሕይወት በመኖሩ ደስ ይለኛል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ያን ቀን ጠዋት አባቴ አስቀምጦኝ «ስለ ወንድምሽ ብለሽ ተዋረጂ» ቢለኝ ኖሮ እዋረድ ነበር። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።