ተናኜ ስኪ የተማረችበት ምክንያት

ተናኜ ስኪ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ልትማር መሆኑ ሲሰማ ኦስሎ ውስጥ ትሮስተሩድ በሚባለው ሰፈር ያሉ ሐበሾች ሳቁባት። አርባ ዓመት የሞላት ሴት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ካፖርቷን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ የምታማርር፣ አሁን በዚህ ዕድሜዋ በበረዶ ላይ ምን ቤት ናት ተባለ። እሷም ለማንም አላስረዳችም።

ቢኒ የሚባል አንድ ልጅ አላት። አባቱ ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ጥሏት ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ከወለደች በኋላ ታመመች፤ ሕመሙ የመንፈስ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ትሰማዋለች፣ እጇ ግን አልታዘዝ ይላታል። ሆስፒታል ስትገባ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ልጁን ከኦስሎ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ለሚኖሩ ባልና ሚስት በአደራ ሰጠው። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ድና፣ ቤት አግኝታ፣ ኦከርን በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ በጽዳት ሥራ ተቀጥራ ልጄን ስጡኝ ስትል ግን ቢኒ አፉን የፈታው በኖርስክ፣ በኖርዌይ ቋንቋ፣ ነበር፤ ማማ የሚላትም ሌላ ሴት ነበረች። እዚያው ይደግ ተባለ። ለእሷ በዓመት ጥቂት የጉብኝት ቀን ተፈቀደላት፤ እሱም ሌላ ሰው ባለበት።

እንደ ፈረንጆቹ በ2007 መጨረሻ፣ ቢኒ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ እንደ ወትሮው ለጉብኝት በተመደበላቸው ክፍል ተቀምጠው ሥዕል ይስሉ ነበር። አሳዳጊ እናቱ ግሩ ጥግ ላይ ሹራብ ትሠራለች።

"በሚቀጥለው ስንገናኝ ምን ብናደርግ ደስ ይልሃል?" አለችው ተናኜ በተሰባበረ ኖርስኳ።

"ስኪ" አለ ልጁ። ከዚያ ቀና ብሎ አያትና "አንቺ ግን አትችዪም" አለ። ሊያስከፋት ብሎ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

በዚያው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ስኪ ገዛች። ከምትኖርበት ሕንፃ ጀርባ ባለው ደልዳላ ሜዳ ላይ አድርጋው ቆመች፤ መቆም ብቻ ነው፣ ከዚያ በጀርባዋ ተዘረረች። ተነሥታ እንደገና ወደቀች። ስኪውን አውልቃ ለመነሣት ስትታገል በባቡር ጣቢያው መንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ያዩዋት ነበር። ጋሽ ዑቕባይ ናቸው፤ እዚያው አቅራቢያ ሊንደበርግ ሰፈር የሚኖሩ፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ። አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው።

"ይሄ ስኪ የማን ነው?" አሏት።

"የኔ ነው ጋሼ።"

"ያንቺ አይደለም። ይሄ ለረጅም ወንድ የተሠራ ነው። በዚህ ላይ እንኳን አንቺ እኔም አልቆም። ደግሞስ ምን አስፈለገሽ?"

ነገረቻቸው። ለሌላ ሰው ያልነገረችውን ለእሳቸው የነገረችው ለምን እንደሆነ አታውቅም። እሳቸውም "እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነይ፤ የልጄ አሮጌ ስኪ አለ" አሏት።

ጋሽ ዑቕባይ ለስላሳ አስተማሪ አልነበሩም። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ፊት ዘንበል በዪ፣ እግርሽን አትመልከቺ እያሉ ይጮኹባታል። የካቲት ላይ ትንሽ መንሸራተት ጀመረች። ደስ አላት፣ ተዝናናች፤ በዚያው ቀን አንዲት ቁልቁለት ላይ ተገለበጠችና የእጇ አንጓ ተሰበረ።

በጄሶ የታሰረ እጇን ይዛ ቤቷ ስትቀመጥ ጓደኛዋ ጌጤ መጥታ ተቆጣቻት። "ተይው በቃ። የምትበዪው በዚህ እጅሽ አይደለም እንዴ? ለልጅ ፍቅር ብሎ አጥንት መስበር ምን ይሉታል? ፍቅርሽን በሌላ አሳዪው።"

"በምን?" አለቻት ተናኜ።

በጄሶዋ ለጉብኝት ስትሄድ ቢኒ ምን ሆነሽ ነው አላት። ስኪ ስማር ወደቅሁ አለችው። ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያም ተነሥቶ፣ ቁልቁለት ሲሆን የስኪውን ጫፍ ገጠም፣ ኋላውን ከፈት አድርጎ እንደ ፒዛ ቁራጭ መያዝ እንደሚገባ ምንጣፉ ላይ በእግሩ አሳያት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጇ ምንም ነገር አሳይቷት አያውቅም።

በሚቀጥለው ክረምት አጥንቷ ቢድንም ፍርሃቱ አልዳነም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ስኪዋን አውልቃ በእግሯ ትወርዳለች። ጋሽ ዑቕባይ ታች ቆመው ይናደዳሉ። "በእግርሽ ለመውረድ ከሆነ የመጣሽው ደረጃ አለልሽ" አሏት አንድ ቀን። አልቅሳ ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ከሥራ መልስ ብቻዋን ሄደች፤ ወደቀች፣ ወጣች፣ ወደቀች፣ ወጣች። ጥር ሲጋመስ ሳትወድቅ መውረድ ቻለች።

እንደ ፈረንጆቹ መጋቢት 2009 ላይ ጉብኝቱ እነ ግሩ ቤት አጠገብ ካለው ጫካ ውስጥ እንዲሆን ተፈቀደ። ፀሐይ ወጥቷል። ቢኒ እንደ ዓሣ ነው የሚሄደው። ተናኜ ከኋላው ተከተለችው፤ ግሩ ወደ ኋላ ቀረት ብላ መጣች። ልጁ አንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጠበቃትና "ፍሊንክ!" አላት፤ ጎበዝ ማለቱ ነው። አዋቂዎች ለትንንሽ ልጆች በሚሉበት ድምፅ ነው ያላት። እሷ ግን ደስታዋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ። ታች ሲደርስ ስኪው ጉቶ ያዘውና በፊቱ ተደፋ። ጩኸቱን ስትሰማ ተናኜ አፋፍ ላይ መሆኗንም አላስታወሰችም። ወረደች። ከግሩ ቀድማ ደረሰች፤ በረዶው ላይ ተንበረከከችና ደም የነካውን ከንፈሩን በጓንቷ ልትጠርግ እጇን ዘረጋች።

"አይዞህ የኔ ልጅ" አለችው በአማርኛ።

ልጁ እጇን ገፋው። በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አየና "ማማ!" ብሎ ተጣራ። ግሩ ደርሳ ነበር፤ ግን ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች፣ ተናኜን እያየች። የግሩ ፊት ቀልቷል። ቢኒ ድጋሚ ተጣራ። ተናኜ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላት። ልጁ የግሩ ጃኬት ውስጥ ተሸጉጦ ሲያለቅስ፣ እሷ የተበተኑትን የስኪ ዱላዎቹን ሰበሰበች።

በባቡር ስትመለስ ጋሽ ዑቕባይ ደወሉ።

"እህ፣ እንዴት ነበር?"

"አልወደቅሁም ጋሼ።"

"ልጁስ?"

"እሱ ወደቀ።"

"አነሣሽው?"

"እናቱ አነሣችው" አለች።



በበልጉ ከሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ተደወለላት። ልጁ የሚቀጥለውን ጉብኝት ቦውሊንግ ቢጫወት እንደሚመርጥ፣ አንድ ጓደኛውም አብሮት ቢመጣ ደስ እንደሚለው ነገሯት። "እሺ፣ ይሁን" አለች። ቦውሊንግ ተጫውታ አታውቅም። በጉብኝቱ ቀን ቢኒና ጓደኛው በኖርስክ እየተሳሳቁ ሲጫወቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጃኬታቸውን ያዘችላቸው።