እትዬ አልጋነሽ ወተት ያጠጧቸው ባክቴሪያዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ የዶክትሬት ጥናቱን ሲያቀርብ፣ ባክቴሪያዎቹ ተሰብስበው የሠሩትን ብርቱካንማ ጉብታ በትልቅ ፎቶ አሳየን። ልጁ ጎበዝ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅሁት፤ «የሞቱትስ የታሉ?» አዳራሹ ሳቀ። ኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ጥያቄው ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ከሮቢት ነው አልኩት። ግራ ስለገባው ቁጭ አድርጌ አጫወትኩት።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አውቃለሁ የምልበት ዕድሜ። የማጠናቸው ባክቴሪያዎች ሲጠግቡ በየፊናቸው ይኖራሉ፤ ሲርባቸው ግን በሺህ እየሆኑ ይሰበሰቡና እንደ አንድ አካል ጉብታ ይሠራሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ተቀልበው የኖሩት የእኔዎቹ ግን መሰብሰቡን ጭራሽ ረስተውታል። አማካሪዬ እስከ ፋሲካ ከአፈር ውስጥ አዲስ ካላገኘሁ ጥናቱ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ቁርጡን ነገረኝ።

እኔም ወደ ቆቦ ወረድሁ፤ ሮቢት ላይ እትዬ አልጋነሽ ከሚባሉ ብቻቸውን ከሚኖሩ ሴት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። መጋቢት ነበር፤ ማሽላው ታጭዶ ማሳው ላይ የቀረውን አገዳ ግመል ይቆረጥመዋል። ከዋጃ እስከ ጎብዬ በየማሳው ባክቴሪያዎቹ የሚገኙበትን አፈርና የፍየል በጠጥ ስለቅም ከረምሁ። አንድ የሚኒባስ ረዳት ፌስታሌን ገልጦ አየና ቶሎ መልሶ አሰረልኝ። የለቀምሁትን ቀላቅዬ አርጥቤ በአሥራ ሁለት የብርጭቆ ሳህን አስቀመጥሁ፤ ዘጠኙን ጓዳ መደርደሪያ ላይ፣ ቦታ ያጡትን ሦስቱን አልጋዬ ሥር።

አንድ ቀን ሱፍ ፍትፍት እየበላን እትዬ ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። እስኪርባቸው ነው አልኳቸው፤ ያኔ ይሰበሰባሉ፣ አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ደርቀው እስከ ዝናብ ይተርፋሉ። እንደ ትልቅ አስተማሪ ነበር የማወራው። እሳቸው እጃቸውን ከገበታው አነሡ፤ ዕውቀቴ ያስደነቃቸው መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከዋጃ ስመለስ ጓዳ ያሉት ዘጠኙም ሳህኖች ወተት ተሞልተዋል። ጾም ስለነበር ወተት የሚቀምስ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሥራዬን ገደሉት ብዬ ጮህሁባቸው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም።

«እኔ ቤት በረሃብ የሚሞት አይኖርም፣ ልጀ። እኛም በክፉው ዘመን ተሰብስበን ነው ካገር የወጣን። ከስምንታችን ሁለታችን ደረስን።»

ክፍሌ ገብቼ አለቀስሁ፤ ለሳህኖቹ ይሁን ለእሳቸው አላውቅም።

ዘጠኙ ሳህኖች ሻገቱ። ከሳምንት በኋላ ዕቃዬን ልሸክፍ ጎንበስ ስል ግን አልጋው ሥር ያሉትን ሦስቱን በብርቱካንማ ጉብታ ተሞልተው አገኘኋቸው። ከዚያው ከአንዱ አፈር የጠገቡት አልተሰበሰቡም፣ የተራቡት ተሰበሰቡ። እኔ ያላሰብሁትን ማነጻጸሪያ እትዬ ሠርተውልኝ ነበር፤ ኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ በንጽሕና ደግሜው የጥናቴ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆነ።

እትዬን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ማጉያ መነጽሬን ሰጠኋቸው። አጎንብሰው አዩና «ያምራል» አሉ። ቀጥለውም «የሞቱትስ የታሉ?» አሉኝ።

«አይታዩም፣ እትዬ። ፈርሰው ለቀሩት ስንቅ ሆነዋል።»

«እሱስ እውነት ነው» ብለው መነጽሩን መለሱልኝ።

ተማሪዬ ይህን ሰምቶ ሲያበቃ ስለሞቱት አንድ ገጽ እንደሚጨምር ነገረኝ። ምስጋናው ላይ ሊጽፋቸው የእትዬን ስም ከነአባታቸው ጠየቀኝ። እኔ በራሴ ጥናት ስድስት ሰው አመስግኛለሁ፤ እትዬ አልጋነሽ የሉበትም። ከወር በላይ ያበሉኝን ሴት የአባታቸውን ስም እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ቅዳሜ ሮቢት እወርዳለሁ። በሕይወት ካሉ ከራሳቸው፣ ከሌሉም ከጎረቤት ጠይቄ አመጣለታለሁ።