ኪኒን የሚቀበሉበት ቀን

ባለቤቴ ኪኒን የሚቀበልበት ቀን ሲደርስ ከዋዜማው ጀምሮ ቅናት ይይዘኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ያጠብኩለትን ጋቢ ይለብስና ይወጣል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ እሷ ቆማ ትጠብቀዋለች።

የሚጥል በሽታ የያዘው በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። ጸበል ተጠመቀ፤ ትንሽ ተሽሎት እንደገና ሲብስበት መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያ ማታ ማታ የሚወስደው ኪኒን ታዘዘለት፤ በየወሩ እየሄደ እንዲቀበል ነገሩት። ኪኒኑን የምትሰጠው ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ «መንገድ ብቻህን አትሂድ፤ ብትወድቅ አጠገብህ ሰው ይኑር» አለችው። እኔ ያኔ ጡት የሚጠባ ልጅ ነበረኝ፤ አብሬው ልሄድ አልቻልኩም። ስለዚህ እዚያው ኪኒን የምትቀበል፣ ቀዬዋ ለእኛ የሚቀርብ ሴት ነበረችና ሲስተር ሁለቱን አገናኘቻቸው።

ሴትየዋ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሙስሊም ናት። በሽታው እዚያው ጥሏት ቀጣሪዎቿ መልሰዋታል። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ባል የላትም። ሽቶዋ ቀድሟት ይደርሳል፤ ሞባይሏ ከእጇ አይለይም። እኔ ግን እጄ ከእበት ወጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ሰሞን ኪኒኑ ባለቤቴን ያፈዘው ነበር። እራት በልቶ ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ ሳናወራ ያንቀላፋል። «ይህ ነገር ደህና ነው?» ስለው፣ «አብሽሪ፣ ይለቀኛል። እሷም መጀመሪያ እንዲህ አድርጓት ነበር» አለኝ። ሌላ ቀን ጎረቤት ጠላ ሲቀርብለት እምቢ አለ። «ሲስተር ከልክላኛለች። እሷም ሰርግ ቤት ብትሄድ አትቀምስም» አለ። ሙስሊም ጠላ ባትቀምስ ምን ይገርማል? ነገር ግን በአፉ ላይ የምትመላለሰው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጣለው። ያየች ጎረቤቴ ገብታ ነገረችኝ። «ሰው ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው ሲል አባረረቻቸው። ሻሿን አውልቃ ከራሱ ሥር አደረገችለት፤ በጎኑ አስተኝታ እስኪነቃ አጠገቡ ተቀመጠች። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ አለች።»

ጎረቤቴ ይህን የምትለው ልታመሰግናት ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሻሿን ብቻ ነው። ባለቤቴ ማታ ሲገባ አንገትጌው የሷን ሽቶ ይሸታል። ውሃ አሙቄ አጠብኩት።

የአጨዳ ወቅት መጣ። ባለቤቴ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዲያጭድለት ጅጊ ጠርቶ ስለነበር ኪኒን የሚቀበልበት ቀን አለፈው፤ የያዘውም አለቀ። ሴትየዋ ይህን ስትሰማ ቤታችን ድረስ መጣች። መደብ ላይ አስቀመጥኳት። የወረቀት ቁራጭ ፈታች፤ ውስጡ ኪኒን ነው።

«ከኔው ኪኒን አካፍዬ ነው፣ እታለም» አለችኝ። «አዝመራው እስኪያልቅ ይህን ይውሰድ። ማቋረጥ ክፉ ነው፤ በአንዴ ከተቋረጠ ብሶ ይመጣል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ኪኒኑ ከሷ እጅ ከሚመጣ ሌላ ማንም ቢያመጣው ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ደስ ብሎት ተቀበለ። በእኔ እንዲያ ደስ ሲለው ካየሁ ቆይቶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል እሷ ናት፤ ወድቃ ትንፈራገጣለች። ሰዉ ሸሸ፤ ለሀጯ ከነካን ይጋባብናል ብሎ ይፈራል። አንዱ ቁልፍ ሊያስጨብጣት ይፈልጋል። እኔ ጎረቤቴ የነገረችኝን አስታወስኩ። ነጠላዬን አጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፤ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኗ አዞርኳት። ቁልፍ የያዘውን ሰውዬ፣ «ተዋት፣ ራሱ ይለቃታል» አልኩት።

ስትነቃ ገና ዓይኗ አልጠራም።

«ኪኒንሽ አልቆ ነው?» አልኳት።

«እንዲበቃኝ ግማሽ ግማሽ ነበር የምወስደው።»

«ለባሌ ብለሽ?»

ጥያቄዬ ገብቷታል። «እሱ ከወደቀ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች። «ይህን በሽታ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም፣ እታለም።»

መልሷ ቅናቴን አላጠፋውም። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ከእኔ ቤት የወሰደችው የባሌን የልብ ወሬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ መልሽልኝ የማይባል ነገር ነበር። ቤቷ ድረስ ግን ደግፌ ወሰድኳት።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ከሁለቱም ጋር መካነ ሰላም ሄድኩ። ሲስተር ሰምታ ተቆጣች።

«ኪኒን አይካፈሉም። የያንዳንዱ መጠን ለራሱ ነው የታዘዘው። ስትከፋፈሉ ለሁለታችሁም አልበቃም» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ሚስቱ ነሽ? እሱ ካልቻለ ካርዱን ይዘሽ አንቺ መቀበል ትችያለሽ። ማንም አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም» አልኩ ባለቤቴን እያየሁ። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«እንግዲህ ስሚ። ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰድ። ባይጥለውም ዳነ ብላችሁ እንዳታቆሙ። ጸበልም ቢሄድ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ሌላ መድኃኒት የሚሰጠው ካለ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ። ኪኒኑን ልጅ ከማይደርስበት ስቀዪው።»

ከዚያ ወዲያ ካርዱ ከእኔ ዘንድ ሆነ። ሦስታችንም አብረን እንሄድ ጀመር። እነሱ ከፊት ያወራሉ፤ እኔ ልጅ አዝዬ ከኋላ እከተላለሁ። ስቀርባቸው ወሬው ይቀየራል፤ ስለ እህል ዋጋ ይሆናል።

ከጊዜ በኋላ እሷ አግብታ ወደ አጅባር ሄደች። ለመጨረሻ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስንገናኝ ሲስተር፣ «ለማርገዝ ስታስቡ ቀድመሽ ሐኪም አማክሪ፤ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ» ስትላት ሰማሁ። ሴትየዋ እኔን አቅፋ ሳመችኝ። ባለቤቴን በእጇ ብቻ ተሰናበተችው።

ኪኒኑን ሳያቋርጥ በመውሰዱ ባለቤቴን ከጣለው ዓመታት አልፈዋል። አሁን መንገዱን ሁለታችን ነን የምንሄደው። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አረፍ ብለን ሳለ ጠየቅሁት።

«ያን ጊዜ ምን ነበር የምታወሩት?»

«ስለ መውደቅ» አለኝ። «ከመጣሉ በፊት ሽታ ይሸተኛል፤ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት። እሷንም ይሸታታል። ስነግራት ወዲያው ነበር የሚገባት።»

«ለእኔ ብትነግረኝስ?»

«ነገርኩሽ እኮ አሁን» አለና ተነስቶ መንገዱን ቀጠለ። ተከተልኩት። የተቃጠለ ጎማ እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ። እሱ የሚለው ሽታ ግን እኔ የማውቀው አይደለም።